ለባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ የትኛው ርካሽ የፍጥነት መለኪያ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረው የሚያቀባብሉት 4.5 ሚሊሜትር ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ አለኝ። ሞላውንና የፒስቶኑን ጎሚኒ አስቀይሬያለሁ፤ ተሻሻለ ወይስ ባሰበት የማውቅበት መንገድ ግን የለኝም። ካርቶኑ ላይ 305 ሜትር በሰከንድ ይላል። ደሴ ያለው ጓደኛዬ ያው ዓይነት ጠመንጃ ይዞ የእሱ ይደክማል። ብዙ ሳላወጣ ፍጥነቱን የምለካበት ክሮኖግራፍ የቱ ነው? በስልክ ይለካል የሚሉትስ እውነት ነው?»

አጭሩ መልስ፦ የራሱ የኢንፍራሬድ መብራት ያለውን፣ ጥይቱ በመሐሉ ሾልኮ የሚያልፍበትን ትንሽ ክሮኖግራፍ ግዛ። ከ30 እስከ 70 ዶላር አካባቢ የሚሸጡት የቻይና ሥሪቶች ላንተ ሥራ ይበቃሉ። የሰማይ ብርሃን የሚጠብቀውን ክፍት ዓይነት፣ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ወሎ ውስጥ በግቢ ለሚለማመድ ሰው አልመክረውም። ራዳሩን ተወው፤ ዋጋው ከጠመንጃህ ሊበልጥ ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን በስልክህ ለካ። አዎ፣ ይለካል፤ ገደቡን ካወቅህ።

በመጀመሪያ የካርቶኑን ቁጥር እናንሳ። 305 ሜትር በሰከንድ ማለት 1,000 ጫማ በሰከንድ ነው፤ ለማስታወቂያ የሚመች ድፍን ቁጥር። አምራቾች እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚያወጡት እጅግ ቀላል በሆነ፣ ከእርሳስ ባልተሠራ ቅይጥ ጥይት ነው። አንተ የምታጎርሰው የእርሳስ ጥይት ግማሽ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ 235 ወይም 245 ብታገኝ ጠመንጃው ታሟል ማለት አይደለም። ሌላም አለ፦ ብረቱ ላይ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተቀረጸ የላቲን «ኤፍ» ፊደል ካየህ፣ ለጀርመን ገበያ ጉልበቱ በ7.5 ጁል ተገድቦ የተሠራ ነው። በ0.53 ግራም ጥይት ይህ 168 ሜትር በሰከንድ ግድም ነው የሚሰጥህ። እንደዚያ ከሆነ ካርቶኑና ጠመንጃው አይተዋወቁም።

አሁን ወደ መሣሪያው። ክሮኖግራፍ የሚለካው ጊዜ ነው። ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ ጥይቱ የመጀመሪያውን ሲያልፍ ሰዓት ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ያቆማል፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለጊዜው ያካፍላል። በ240 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ ጥይት በ30 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሴንሰሮችን በ1.25 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ በ6 ሴንቲሜትር የተራራቁትን ደግሞ በ0.25 ሚሊሰከንድ። ይህን ጊዜ መቁጠር ለዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ቀላል ነው። ችግሩ ሴንሰሩ ጥይቱን «አየሁት» የሚልበት ቦታ ነው። አንዱ ዓይን ጥይቱን 2 ሚሊሜትር ዘግይቶ ቢያየው፣ በ30 ሴንቲሜትሩ ላይ ስህተቱ 0.7 በመቶ አይሞላም፤ ከ240 ላይ 1.6 ሜትር ነው። በ6 ሴንቲሜትሩ ላይ ግን 3.3 በመቶ፣ ማለትም 8 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ርካሽ ዕቃዎች አንዱን ስትመርጥ ከስክሪኑ ውበት በፊት የሴንሰሮቹን ርቀት ጠይቅ፤ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሻጮች የሚመኩበት «ትክክለኛነት» ላንተ ያን ያህል አያሳስብም። ያንተ ጥያቄ «ሞላው ከተቀየረ በኋላ ጠመንጃው እኩል ይተኩሳል ወይ?» የሚል ነው። መሣሪያው ሁልጊዜ 2 በመቶ ዝቅ አድርጎ ቢያነብ ዛሬም ነገም ያንኑ ዝቅ ስለሚያደርግ ንጽጽርህ አይበላሽም። የሚያበላሽብህ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ነው፤ ያን ጊዜ የጠመንጃውን መዋዠቅ ከመለኪያው መዋዠቅ መለየት አትችልም። ርካሽ መለኪያ የሚመረጠው በዚህ ዓይን ነው።

ከዚህ አንጻር ክፍቱን ዓይነት እንየው። ካልድዌልና ፕሮክሮኖ የሚባሉት የታወቁት ናቸው፤ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣሉ፣ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ፣ ሴንሰሮቻቸው ሰፊ ርቀት ስላላቸው በመልካም ብርሃን ጥሩ ቁጥር ይሰጣሉ። ዓይኖቻቸው ወደ ላይ አንጋጠው የጥይቱን ጥላ ነው የሚጠብቁት። 4.5 ሚሊሜትር ጥይት ደግሞ ጥላው ኢምንት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ሲሆንና የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ጥይቱን ሳያየው ያልፋል። ለዚህ ነው ነጭ የፕላስቲክ ክዳን የሚደረግለት፦ ብርሃኑን ያለሰልሳል። ስስና ወጥ ደመና ሲኖር ደስ ይለዋል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ወደ ማታ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑ ያንሰዋል።

ቤት ውስጥ ይብሳል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይናችን አያየውም፣ ሴንሰሩ ግን ጥይት አለፈ ብሎ ይቆጥረዋል። ሳትተኩስ ቁጥር ካሳየህ ምክንያቱ ይህ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ክሩ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ መርገብገቡ ትንሽ ነው፤ ለክፍቱ ዓይነት ቤት ውስጥ የሚሆነው እሱ ነው። የቀድሞው ካልድዌል በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኩል በገመድ ነው ከስልክ ጋር የሚገናኘው፤ አዲሱ ስልክህ ያ ቀዳዳ ከሌለው ሌላ ጣጣ ነው።

የራሱ መብራት ያለው ዓይነት ይህን ሁሉ ይዘላል። በአንድ በኩል ኢንፍራሬድ መብራት፣ በሌላ በኩል ተቀባይ አለው፤ ጥይቱ መካከላቸውን ሲያቋርጥ ብርሃኑ ይቋረጣል። ማታም ይሠራል፣ ሳሎንም ይሠራል። ጠላቱ ፀሐይ ነው፦ በቀዳዳው በኩል በቀጥታ ከገባች ተቀባዩን ታጥለቀልቀዋለች፣ መሣሪያውም ዝም ይላል ወይም ስህተት ይጽፋል። መድኃኒቱ የጫማ ካርቶን ነው። ሁለቱን ጫፍ በሰፊው ቆርጠህ አውጣ፣ ውስጡን ጥቁር ቀባ፣ መለኪያውን ውስጡ አስቀምጥ። ለክፍቱ የመከርንህ ባለ ክር አምፖል ግን እዚህ አይሆንም፤ ራሱ ኢንፍራሬድ ስለሚረጭ ከአጠገቡ አርቀው።

ከእነዚህ ውስጥም ሁለት ዓይነት አለ፤ አፈሙዝ ላይ የሚታሰርና በራሱ የሚቆም። አንተ በራሱ የሚቆመውን ግዛ። ምክንያቱም ያንተ ጠመንጃ አፈሙዙን ይዘህ እየሰበርህ ነው የምታቀባብለው፤ አፈሙዝ ላይ የታሰረ ዕቃ በየተኩሱ መፍታትና ማሰር ይሆንብሃል። በየጊዜው ስታስረው ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይዛባል፣ በባለ ሞላ ጠመንጃ ንዝረት ይላላል፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን ጥይት ይበላዋል። በራሱ የሚቆመው ሥሩ ላይ የካሜራ ብሎን ቀዳዳ ካለው ማንኛውም የፎቶ ቤት ስታንድ ይይዘዋል።

ብዙዎቹ ርካሽ ዕቃዎች የተሠሩት ለ6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ጥይት መጫወቻ መሆኑን እወቅ። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ማለፊያው ጠባብ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ስታዛባ ግድግዳውን ትመታለህ፤ ከ30 ሚሊሜትር የጠበበ ማለፊያ ያለውን አትግዛ። ሁለተኛ፣ ሲከፈት የጥይቱ ክብደት 0.20 ግራም ተብሎ ተሞልቶ ይመጣል። አንተ ሳትቀይረው በ237 ሜትር በሰከንድ ብትተኩስ 5.6 ጁል ብሎ ይጽፍልሃል፤ እውነተኛው ጥይትህ 0.54 ግራም ከሆነ ግን ጉልበቱ 15.2 ጁል ነው። ጠመንጃዬ ደከመ ብለው ሞላ የሚያስቀይሩ ሰዎች አንዳንዶቹ በዚህ የተታለሉ ናቸው። ፍጥነቱን እመን፤ ጉልበቱን ራስህ አስላ፦ ክብደቱን በኪሎ ግራም፣ በፍጥነቱ፣ እንደገና በፍጥነቱ አባዛና ለሁለት አካፍል። ክብደቱ ቆርቆሮው ላይ ካልተጻፈ ወርቅ ቤት ሂድና 20 ጥይት በአንድ ላይ አስመዝን፤ የወርቅ ሚዛን ለዚህ አንደኛ ነው። ውጤቱን ለ20 አካፍል። አንድ በአንድ ብታስመዝን የሚዛኑ የራሱ ስህተት ይበልጥብሃል።

አተካከሉ ላይ ሰዎች ይቸኩላሉ፤ አብዛኛው ስህተትም እዚያው ነው። መለኪያውን ከአፈሙዙ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቀህ አቁመው። ባለ ሞላ ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚያወጣው አየር ትንሽ ስለሆነ ይህ ይበቃል፤ በታመቀ አየር ለሚሠራ ባለ ጋን ጠመንጃ ግን አንድ ሜትር ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የአየሩ ግፊት ከጥይቱ ቀድሞ ሴንሰሩን ያነቃዋል። ከዚያ መለኪያውን ሳታበራ በሁለቱም ጫፍ፣ በመግቢያውና በመውጫው፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በስኮች ለጥፍ። አንዴ ተኩስ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ሁሉንም ይነግሩሃል፦ መግቢያው ላይ መሐል ሆኖ መውጫው ላይ ወደ ጠርዝ ከሄደ መለኪያው ዞሯል፤ ሁለቱም ወደ ላይ ከወጡ ስታንዱ ዝቅ ብሏል። ሁለቱም መሐል እስኪሆኑ አስተካክል፣ ወረቀቱን አንሳና አብራ። ማዘንበሉ ራሱ በንባቡ ላይ የሚያመጣው ስህተት ትንሽ ነው፤ 5 ዲግሪ ቢያዘነብል ከ0.4 በመቶ አይበልጥም፣ 10 ዲግሪ ላይ ግን 1.5 በመቶ ይደርሳል። የሚያስፈራው መለኪያውን መምታትህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃው በየተኩሱ እዚያው ቦታ መመለስ አለበት። ሰደፉን በጠረጴዛ ላይ በተጋደመ አሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈው፣ ግን አትጨቁነው፤ ባለ ሞላ ጠመንጃ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚረግጥ ሲጨቁኑት ይዘላል። ጠረጴዛው ላይ አፈሙዙ የሚደርስበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርግ። መለኪያውን ለመሞከር ብለህ ጥይት ሳታጎርስ አትተኩስ። ፊት ለፊቱ የሚገፋው ነገር ከሌለ ፒስቶኑ ያለ አየር ትራስ ጫፉን ይደበድባል፤ አዲሱ ጎሚኒህ በጥቂት ተኩስ ሊፈርስ ይችላል።

ራዳር ላይ ብዙ አልቆይም። ኤፍ ኤክስ ራዳር 200 ዶላር ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮ ደግሞ 600 ዶላር ገደማ ነው። ከጠመንጃው ጎን ይቀመጣሉ፣ ጥይት አይመታቸውም፣ ብርሃን አይመርጡም። ግሩም ናቸው። ማኅበር ሆናችሁ ለአንድ ክለብ ካልገዛችሁት በቀር ለአንድ ባለ ሞላ ጠመንጃ ይህን ማውጣት አይታየኝም።

አሁን ስልኩ። ዘዴው ድምፅ ነው፤ ጠመንጃው ሲጮህና ጥይቱ ዒላማውን ሲመታ ያለውን ጊዜ መለካት። ሰዎች ስልኩን አጠገባቸው ያስቀምጡና የምቱ ድምፅ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ መቀነስ ይረሳሉ። በ10 ሜትር ላይ ያ ጊዜ 29 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ስሌቱን ገደል ይከተዋል። መፍትሔው ስልኩን ልክ መሐል ማስቀመጥ ነው። ከአፈሙዙም ከዒላማውም እኩል ሲርቅ ሁለቱም ድምፆች እኩል ዘግይተው ይደርሱታል፤ መዘግየቱ ይጣፋል፣ የድምፅን ፍጥነት ማወቅም አያስፈልግህም።

1. ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ዒላማው ፊት 10 ሜትር በሜትር ለካ። 1 ሴንቲሜትር ብትሳሳት 0.1 በመቶ ነው፤ በእርምጃ ግን አትለካ።
2. ዒላማው በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ላይ የተጣበቀ ደረቅ ካርቶን ይሁን። በካርቶኑና በአሸዋው መካከል ክፍተት ካለ ሁለት ድምፅ ተደራርቦ ይመጣል። ብረትና ድንጋይ ላይ አትተኩስ፤ እርሳስ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። መነጽር አድርግ።
3. ስልኩን 5 ሜትር ላይ፣ ከጥይቱ መስመር 1.5 ሜትር ወደ ጎን አርቀህ አስቀምጥ። ወደ ጎን ቢሄድም ከሁለቱ እኩል እስከራቀ ድረስ ስሌቱ አይለወጥም።
4. ድምፁን ሳይጨምቅ፣ በዌቭ ፋይል የሚቀዳ አፕ ተጠቀም። የስልኩ ተራ መቅጃ ጫጫታ አጠፋለሁ ብሎ የድምፁን መነሻ ይቆርጠዋል።
5. ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ክፈትና የድምፁን ምስል አስፋው። ከመጀመሪያው ድምፅ መነሻ እስከ ሁለተኛው መነሻ ያለውን ጊዜ አንብብ። 10ን ለዚያ አካፍል።

አምስተኛው ላይ ወጥመድ አለ። የባለ ሞላ ጠመንጃ ድምፅ አንድ አይደለም። ምስሉን ስታሰፋው መጀመሪያ ትንሽ እንደ ፀጉር የሳሳ መንቀጥቀጥ ታያለህ፤ ቃታው ሲለቅና ሞላው ሲፈታ ነው። ትልቁ ሹል ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጥይቱ የሚወጣው በዚህ ግድም ነው። የምትነሣው ከትልቁ ሹል መነሻ ነው። በ175 ሜትር በሰከንድ ጥይቱ 10 ሜትሩን በ57 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ ከትንሹ መንቀጥቀጥ ተነሥተህ 8 ሚሊሰከንድ ብትጨምር 175 የነበረው 154 ሆኖ ይወጣል። «አፑ ውሸታም ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ አውቶማቲክ አፖች ከየትኛው ሹል እንደሚነሡ አይነግሩህም።

በስልክ የምታገኘው በመንገዱ ላይ ያለውን አማካይ ፍጥነት መሆኑንም አትርሳ። ክብ አናት ያለው የእርሳስ ጥይት በ10 ሜትር ውስጥ 5 ወይም 6 በመቶ ፍጥነቱን ያጣል፤ ጠፍጣፋ አናት ያለው ደግሞ እስከ 10 በመቶ። ስለዚህ ለመጀመሪያው 3 በመቶ ያህል፣ ለሁለተኛው 5 በመቶ ያህል ጨምርበትና የአፈሙዙን ፍጥነት በግምት ታገኛለህ። የስልኩ ዘዴ የ305ቱን ተረት ለማጋለጥና የተሰበረ ሞላ ለመለየት በቂ ነው። በተኩስና በተኩስ መካከል ያለውን የ3 ወይም የ4 ሜትር ልዩነት ለማየት ግን አይመችም፤ ክሮኖግራፉን የምትገዛው ለዚህ ነው። ዕቃው ሲመጣም ስልኩን አትጣለው፦ የክሮኖግራፉ ቁጥር ከስልኩ ቁጥር ከ2 እስከ 5 በመቶ ከበለጠ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ክሮኖግራፉ ዝቅ ብሎ ካነበበ ወይም በ15 በመቶ ከራቀ አንዱ ተሳስቷል።

የደሴው ጓደኛህ ጠመንጃ ታሞም ላይሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ፣ ደሴ ላይ 74 በመቶ ያህል ነው። ባለ ሞላ ጠመንጃ የሚሠራው ፒስቶኑ ፊት ያለውን የአካባቢውን አየር ጨምቆ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚጨመቀው ይቀንሳል፣ ፒስቶኑም ጫፉን ይበልጥ ይመታል። ስለዚህ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት በወጣህ ቁጥር ያው ጠመንጃ ጥቂት በመቶ ይቀንሳል፤ ፋብሪካው ባሕር ዳርቻ ላይ ከለካውም ሁለታችሁም ዝቅ ትላላችሁ። የሳሳው አየር ጥይቱን መንገድ ላይ የሚያዘገየው በዚያው ልክ ያነሰ ስለሆነ ዒላማው ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠባል። ጋን ላይ ቀድሞ የታመቀ አየር የሚጠቀም ጠመንጃ በዚህ አይጎዳም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሙቀት ይሆን ነበር፤ የጋዙ ግፊት በ20 ዲግሪ 57 ባር፣ በ10 ዲግሪ 45 ባር ነው፣ የደሴ ጠዋት ምን እንደሚያደርገው አስበው። ሁለታችሁ ስታወዳድሩ ያው ጥይት፣ ያው መለኪያ፣ ያው ከፍታ ይሁን፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ከተማ ነው።

ቁጥሩን ስታነብ አማካዩን ብቻ አትይ። 10 ጊዜ ተኩስና ጻፍ። እንበል እንዲህ መጣ፦ 236፣ 238፣ 235፣ 237፣ 239፣ 236፣ 212፣ 238፣ 237፣ 236። ከ212ቱ በቀር ከፍተኛውና ዝቅተኛው በ4 ሜትር ነው የሚለያዩት፤ ይህ ጤነኛ ባለ ሞላ ጠመንጃ ነው። 212ቱ ብቻውን ከሆነ ጥይቱን ጠርጥር፤ የተጣመመ ቀሚስ (የኋላ ስስ ጠርዝ) ያለው ጥይት አየር ያስመልጣል። ከዝቅተኛው ጋር 300 እና 410 የመሰሉ እንግዳ ቁጥሮች ከተቀላቀሉ ግን ያ መለኪያው ነው፦ ፀሐይ፣ የደከመ ባትሪ፣ ወይም የቆሸሸ ዓይን።

አማካዩ ደህና ሆኖ ልዩነቱ ከ10 ሜትር ካለፈ፣ አፈሙዙ ከገላው ጋር የሚገጥምበትን ጎሚኒ እይ። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ መገጣጠሚያው ላይ አስቀምጥና ተኩስ፤ ሶፍቱ ከተነሣ አየር እየሾለከ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ አማካዩ ከበፊቱ በ15 በመቶ ከወረደና ስታቀባብል የሚፋጭ ድምፅ ካለ፣ ሞላው ተሰብሯል።

ያንተ ጠመንጃ ገና ስለተፈታ ግን በጣም የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፦ ዘይት። መካኒኩ ሲገጥም የሞተር ዘይት ወይም የስፌት መኪና ዘይት ካፈሰሰበት፣ ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ በሚፈጠረው ሙቀት ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቃጠላል። ድምፁ ይጮኻል፣ ከአፈሙዙ ጢስ ይወጣል፣ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል፣ ክሮኖግራፉም 280 ብሎ ያስደስትሃል። ያ ጉልበት ከሞላው አልመጣም፤ ጎሚኒህን እየጠበሰው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 50 ተኩሶች ጻፋቸው እንጂ አትቁጠራቸው። ከ280 ወደ 240 ቀስ በቀስ ወርዶ እዚያ ከቆመ ዘይቱ አልቋል፣ እውነተኛው ቁጥርህ 240 ነው። 50 አልፎም ካልረጋ ፈትቶ ማጽዳት ነው፤ ዘይት ደርቦ ማፍሰስ ፈጽሞ አይሆንም።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያንተ ጠመንጃ እንዴት እንደሚታይ መለኪያ ከማዘዝህ በፊት የከተማህን ፖሊስ ሄደህ ጠይቅ። ለማወዳደር ብለህም ጠመንጃውን ጭነህ በየኬላው ደሴ አትውጣ። መለኪያው ኪስ ይገባል፣ እሱን ላክለት። በዚህ ጊዜ የተኩስ ድምፅ የሰፈሩን ሰው ልብ ስለሚያርድ ለጎረቤትም ቀድመህ ንገር።

ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የሚጠብቅህ ዕቃ ስላልሆነ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ነው የምታገኘው። ለሚያመጣልህ ሰው ስሙን ብቻ አትላክለት፤ እነዚህን ጻፍለት፦ ማለፊያው ስንት ሚሊሜትር ነው? በሴንሰሮቹ መካከል ስንት ሴንቲሜትር አለ? እስከ 350 ሜትር በሰከንድ ያነባል? የጥይት ክብደት በ0.01 ግራም ደረጃ ይሞላል? ሥሩ ላይ የካሜራ ብሎን ቀዳዳ አለው? ባትሪው የሪሞት ባትሪ ነው ወይስ ውስጥ የተዘጋ? መብራት ሲጠፋ የሪሞቱ ይሻልሃል፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የትኛውም ኪዮስክ አለ። ያገለገለ ከሆነ ማለፊያውን በውስጥ ቪዲዮ አስነሥተህ እይ፤ ግድግዳው ላይ የእርሳስ ጭረት ካለ አንዴ ተመትቷልና ዓይኑ ከቦታው ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል፣ በግማሽ ዋጋም አትውሰደው።